ተሳቢው በምን ይቆማል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር ከተማ ከአንዲት እህታችን የተላከ ነው፡፡ ባለቤቷ ለቤተሰቡ ሽርሽር የሚሆን ባለ ሁለት አክስል የመኝታ ተሳቢ ገዝቷል፡፡ የልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ በኤስዩቪ መኪናቸው እየጎተቱ ወደ ተራራው ሊወጡ አስበዋል፡፡ «ባለቤቴ መኪናው ከባድ ጭነት እንዲጎትት ተብሎ የተሠራ ነው፤ መጎተቻውም መብራቱም ተገጥሟል፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል ይለኛል፡፡ እኔ ግን ተሳቢው በምን ይቆማል ብዬ ብጠይቀው የሚያረካ መልስ አልሰጠኝም፤» ትላለች፡፡

እህታችን የጠየቀችው ዋናውን ነገር ነው፡፡ ስለ መጎተት ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናስበው የሞተሩን ጉልበት ነው፡፡ ማቆሙ ትዝ የሚለን ቁልቁለት ላይ ነው፡፡ እኔም ትዝ ያለኝ እዚያው፣ እነርሱ ሊሄዱበት ባሰቡት መንገድ ላይ ነበር፡፡ ከዓመታት በፊት ወዳጄ ያዋሰኝን ተሳቢ እየጎተትኩ በ70 ቁጥር አውራ ጎዳና ከአይዘንሃወር ጆንሰን ዋሻ ወጥቼ ወደ ዴንቨር እወርዳለሁ፡፡ ዋሻው ከባሕር ጠለል በላይ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ቁልቁለት ነው፡፡ ፍሬን ስረግጥ ተሳቢው ከኋላ ይገፋኛል፡፡ ጥቂት እንደሄድኩ የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ ፔዳሉም እየላላ ወደ ታች ይሰምጥ ጀመር፡፡ ማርሽ ቀንሼ እንደምንም ዳር ያዝኩ፡፡ አልሐምዱ ሊላህ ቆመልኝ፡፡ ወርጄ ሳይ የፊት ጎማዎቹ በግለት አላስጠጋ አሉኝ፡፡ ትንሿ ልጄ ከውስጥ «ባባ፣ ደረስን?» ትላለች፡፡

የሚገርመው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ነበረው፡፡ «መብራቱ ከሠራ ጨርሰሃል» ብሎ ያሰናበተኝ ባለሙያ ግን ያንን ፍሬን የሚያዝ መሣሪያ መኪናዬ ላይ እንደሌለ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም፡፡

የአብዛኛው የመኝታ ተሳቢ ፍሬን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፡፡ በታምቡሩ ውስጥ ማግኔት አለ፡፡ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በሚሽከረከረው ታምቡር ላይ ይጣበቅና ዘንጉን ስቦ የፍሬን ሸራውን ያስጨብጠዋል፡፡ የሚደርሰው ኤሌክትሪክ በበዛ ቁጥር አያያዙ ይጠነክራል፡፡ መጠኑን እየለካ የሚልከው በሾፌሩ ጉልበት አካባቢ የሚገጠም፣ ብሬክ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ሣጥን ነው፡፡

ይህ መሣሪያ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፡፡ ርካሹ የፍሬን መብራት ሲበራ ብቻ አይቶ፣ አስቀድሞ በተሞላለት መጠንና ጊዜ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ በቀስታ ይርገጡት ወይም በድንጋጤ፣ ለእርሱ አንድ ነው፡፡ ሁለተኛው መኪናው ምን ያህል በፍጥነት እየቆመ እንደሆነ በውስጡ ባለው መለኪያ እያወቀ ተሳቢውንም በዚያው ልክ ያስይዘዋል፡፡ ልጆች ይዞ ተራራ ለሚወጣ ቤተሰብ እኔ የምመክረው ሁለተኛውን ነው፡፡ ከኋላ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ በስልክ የሚታዘዝም አለ፤ ሽቦ ለመዘርጋት ለማይመች መኪና ጥሩ ነው፡፡ እኔ ግን ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ እጄ የሚያገኘውን ማዘዣ እመርጣለሁ፡፡ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ነገሩን ያብሳል፡፡ እግርን ከነዳጅ መስጫው አንስቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ በዚያች ማዘዣ ተሳቢውን ብቻ በቀስታ ማስያዝ ነው የሚያስተካክለው፡፡

ከመግዛት በፊት የተሳቢውን ፍሬን ማየት ያስፈልጋል፡፡ አንዳንድ የኪራይና የጀልባ ተሳቢዎች መኪናው ሲቆም በግፊቱ በራሳቸው የሚይዙ በመሆናቸው ይህን መሣሪያ አይፈልጉም፡፡ ሶኬቱም ባለ 7 መሆን አለበት፤ ባለ 4ቱ መብራት ብቻ ነው የሚያስተላልፈው፡፡ ሕጉን በተመለከተ በብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1,360 ኪሎ በላይ የሚመዝን ተሳቢ ፍሬን ግዴታው ነው፡፡ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከዚያ ባነሰ ክብደትም ሊያዝ ስለሚችል እርሱን ማንበብ ይቀድማል፡፡

አገጣጠሙ እንደ መኪናው ነው፡፡ ለመጎተት ተዘጋጅተው ከፋብሪካ የወጡ ብዙ ኤስዩቪዎች ከዳሽቦርዱ ሥር የተዘጋጀ ሶኬት ስላላቸው ለሞዴሉ የተሠራውን ገመድ መሰካት ይበቃል፡፡ ከሌለ አራት ሽቦ ይዘረጋል፡፡ እንደተለመደው ጥቁሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ በብሬከር በኩል፣ ነጩ ወደ ነጌቲቩ፣ ቀዩ ወደ ፍሬን መብራቱ ማብሪያ፣ ሰማያዊው ወደ ተሳቢው ይሄዳል፡፡ አንዱ ማግኔት 3 አምፔር ያህል ስለሚስብ አራት ጎማ ላለው ተሳቢ 12 አምፔር ይሆናል፤ ቀጭን ሽቦ ይግላል፡፡ የዛሬ መኪናዎች በኮምፒውተር የተሳሰሩ ስለሆኑ ቀዩን ሽቦ በግምት ከመቁረጥ ለባለሙያ መክፈል ይሻላል፡፡ ሣጥኑ ኤርባግ በሚከፈትበት ቦታ ወይም ጉልበት በሚመታበት አይቀመጥ፡፡

ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው፡፡ ተሳቢውን ለጉዞ እንደምትጭኑት ጫኑትና ደረቅና ሜዳ የሆነ፣ ሰው የሌለበት አስፋልት ፈልጉ፡፡ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዳችሁ የእጅ ማዘዣውን ብቻ ተጫኑ፡፡ ተሳቢው ከላላ መጠኑን ጨምሩ፤ ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተ ቀንሱ፡፡ ሊቆለፍ ጥቂት ሲቀረው ያለው ልክ ነው፡፡ ጭነቱ ሲራገፍ ወይም መንገዱ ሲረጥብ ልኩ ስለሚለወጥ እንደገና ይስተካከላል፡፡ ተሳቢው ድንገት ቢለያይ ራሱን የሚያስይዝበት ትንሽ ባትሪና የሚመዘዝ ገመድም አለው፡፡ ባትሪው መሙላቱን እዩ፤ ገመዱንም ከመኪናው አካል ጋር እንጂ ከመጎተቻው ኳስ ጋር አትሠሩት፡፡

ለሙከራው ሁለታችሁም ብትወጡ ይመረጣል፡፡ ባልየው ሲነዳ እህታችን ከዳር ራቅ ብላ ቆማ ጎማዎቹን ትመልከት፤ የትኛው እንደያዘ የትኛው እንዳልያዘ ከውጭ ነው የሚታየው፡፡ ልጆቹ ያን ቀን ቤት ይቆዩ፡፡