ሽቦውን ሳይነኩ መለካት ይቻላል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ በታች ያለው አሳቤ በአንባብያን ዓምድ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምኖረው በሸሕዲ ከተማ ነው። ከጎንደር ወደ ሱዳን የሚሻገረው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መሥመር በእኛ በኩል ስለሚያልፍ፥ ልጆቻችን ስለ ኤሌክትሪክ ለማወቅ ቢጓጉ የሚያስደንቅ አይደለም። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ የአንድ እህል ወፍጮ ሞተር ስንት አምፔር እንደሚወስድ ለማወቅ ፈልጎ፥ ሽቦውን ቈርጦ ከአርዱኖ ጋራ አገናኘው። አርዱኖ በኢጣልያ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. ለተማሪዎች ተብላ የተሠራች፥ በመዳፍ የምትያዝ ሰሌዳ ናት። የተለመደችው ዓይነት የምትችለው 5 ቮልት ሲሆን፥ የሞተሩ መሥመር ግን 380 ቮልት ነበረ። ሰሌዳዋ ጤሳ ተቃጠለች፤ ልጁ በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። በዚያች ሰዓት ሰሌዳዋ በገመድ ከኮምፒዩተር ጋራ ተያይዛ ቢሆን ኖሮ፥ ኮምፒዩተሩን መንካት ሽቦውን ከመንካት ባልተለየም ነበር።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «እንዲህ ያለው ነገር ለልጆች ይከልከል» አሉ። እኔ ግን አልስማማም። ክልከላ ልጁን ከአስተማሪው ዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከሽቦው አያርቀውም።

ደኅናው መንገድ ይህ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ በዙሪያው የማግኔት ኃይል ስለሚፈጥር፥ ያንን ኃይል የሚቀበል መቆንጠጫ ተሠርቷል። ሽቦው ሳይቈረጥና ሳይላጥ ከላስቲኩ በላይ ይታቀፋል። ከተለመዱት አንዱ፥ በሽቦው 100 አምፔር ሲያልፍ ወደ ሰሌዳዋ የሚልከው 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ነገር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መቆንጠጫው ሲገጠም ኃይሉ መጥፋት አለበት። መታቀፍ ያለበትም አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ መላሹ አብሮ ከታቀፈ ሁለቱ ስለሚጣፉ ልኬቱ ባዶ ይሆናል። ደግሞም የመቆንጠጫው ጫፎች አስቀድመው በሬዚስተር ካልተያያዙ፥ አደገኛ ቮልት ሊፈጠርባቸው ይችላል። በየምሰሶው ላይ ወዳለው የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት መሥመር ግን ማንም እንዳይቀርብ፤ ሳይነኩትም በአየር ዘሎ ይገድላል። እርሱ በሙያው ለሠለጠኑት ሠራተኞች የተተወ ነው።

እንግዲህ ልመናዬ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት ለምታጸድቁና የግዥ ወረቀት ለምትፈርሙ ወንድሞችና እኅቶች ነው። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ይህን መቆንጠጫ ሲጠይቁ «መጫወቻ ነው» ተብሎ ወረቀታቸው አይመለስ። ዋጋው ከአንድ የቢሮ ወንበር ያንሳል። ልጆቹ ከአስተማሪ ጋራ ቢማሩበት፥ ነገ የወፍጮውንም የውሃ መሳቢያውንም ሞተር ሳይቃጠል የሚጠብቁልን እነርሱ ናቸው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ዛሬ እናስብበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ
አንድ አንባቢ
ከሸሕዲ