ድግሱን ያሰናዳው ማን ነው?

የበዓሉ አደባባይ በሕዝብ ሞልቶ፤ ከበሮው ሲመታና መሰንቆው ሲገዘገዝ፤ ለዘፋኙ ይጨበጨብለታል፤ ንግግር ያደረገውም የክብር እንግዳ ይመሰገናል። መድረኩን ማን እንዳቆመው፤ እምቢልታ ነፊውን ከሩቅ አገር ማን እንዳስመጣው፤ የማደሪያውንና የምግቡን ነገር ማን እንዳሰበበት ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ልንናገርለት የፈለግነው ከመጋረጃው በስተጀርባ ስለሚደክመው ስለ ባህል ትርዒት አሰናጅ ነው።

ብዙ ወጣቶቻችን ይህን ሥራ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አድርገው ይቈጥሩታል። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶችም ለበዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ካኔተራና ባነር በጥድፊያ ይታዘዛል፤ የከያኒው ዋጋ ግን መጨረሻ ላይ ይታሰባል፤ አንዳንዴም ይረሳል። እኛ ግን ይህ ሥራ ተምረው የሚገቡበት፤ ኖረውም የሚከበሩበት ሙያ ነው እንላለን።

ለዚህ ምስክር እንጥቀስ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት በኋላ፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947፤ በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ ታላቅ የሙዚቃና የቲያትር በዓል ተከፈተ። በዓሉን የመራው፤ በቪየና ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የኦፔራ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሩዶልፍ ቢንግ ነው። ናዚዎች ያሳደዱት የኦርኬስትራ መሪ ብሩኖ ዋልተር ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር እንደገና የተገናኘውም በዚያ መድረክ ላይ ነበር። ጦርነት የለያየውን ሙዚቃ አገናኘው ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሙዚቃው እንዲሰማ አስቀድሞ ደብዳቤ የጻፈ፤ ገንዘብ ያፈላለገ፤ አዳራሽ የያዘ ሰው ነበረ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የበዓሉን ዕለት የሚወስኑት የከዋክብትን አካሄድ የሚመረምሩ አባቶች ናቸው። እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ሳይጠይቅ ቀን ቈርጦ የጥሪ ወረቀት የሚያሳትም አሰናጅ ምን ይባላል? አሰናጅ የበዓሉ አገልጋይ እንጂ ባለቤት አይደለም። ምን ወደ መድረክ እንደሚወጣና ምን በቦታው እንደሚቀር የሚወስኑት ባለባህሎቹ ናቸው።

ስለዚህ ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ተማሪ፤ የበዓል በጀት የሚፈርምም ወጣት ሹም፤ ሦስት ነገር እንዲጠይቅ እንመክራለን። አንደኛ፤ ከከያኒው ጋር የጽሑፍ ውል ተፈርሟልን? ክፍያውስ የሚደርሰው መቼ ነው? ሁለተኛ፤ ሕዝቡ ቢጨናነቅ በየት ይወጣል? የታመመስ ቢኖር ማን ያነሣዋል? ሦስተኛ፤ በዓሉ ሲያልፍ ለባለባህሉ መንደር ምን ይቀርለታል?

እነዚህ ጥያቄዎች ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነገር ግን የባህል ዕድሜ የሚረዝመውም የሚያጥረውም በእነርሱ ነው። በጭብጨባ ተሸኝቶ ባዶ እጁን የተመለሰ እምቢልታ ነፊ፤ ልጁ እምቢልታ እንዲያነሣ አይመክርም። ያን ጊዜ የሚጠፋው የአንድ ቀን ትርዒት ብቻ አይደለም። ለሚመጣው በዓል ኮሚቴ ከማቋቋማችን በፊት ያለፈው በዓል ሒሳብ መዘጋቱን፤ የከያኒውም ዋጋ መከፈሉን እናረጋግጥ።