ከከምባታ ድልድይ እስከ ቦንጋ መዝገብ፦ የሴቶች መብት ማሻሻያ በካፋ ዞን

በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. ከ20ዎቹ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት 10ሩ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ወር ወይዘሮ ሳህለወርቅ ዘውዴ ርዕሰ ብሔር፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሰየሙ። ዛሬ ሁለቱም ወንበሮች በሌሎች ባለሥልጣናት ተይዘዋል። ወይዘሮ መዓዛ ከዚያ ሹመት ከ20 ዓመት በላይ ቀድመው ከሙያ አጋሮቻቸው ጋር የጀመሩት ሥራ ግን በካፋ ዞን የምትኖር አንዲት ሴት የጋብቻ ወይም የመሬት ጉዳይ ይዛ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በሄደች ቁጥር አብሯት አለ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ከመስጠቱ ጎን ለጎን የቤተሰብና የወንጀል ሕጎች እንዲሻሻሉ በጽናት ተከራክሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም ፆታዎች 18 ዓመት አደረገ፤ የጋራ ሀብት አስተዳደርም የባልና የሚስት የጋራ ሥልጣን እንዲሆን ደነገገ። ይህ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በመሆኑ፣ ካፋ ያኔ ይገኝበት የነበረው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል።

በወንጀል ሕጉም ለውጡ ጉልህ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው፣ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በኋላ ማግባቱ ከወንጀል ተጠያቂነት አያድነውም። ጠለፋ በሽማግሌ ዕርቅና በካሣ አልቋል ተብሎ የሚታለፍበት ልማድ በነበረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ ሕግ መውጣቱ ብቻውን ልማድን አይነቅልም። ለዚህ ከሁሉ የቀረበው ማስረጃ የሚገኘው በዚያው በቀድሞው የደቡብ ክልል ውስጥ፣ በከምባታ ነው። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በከምባታ ገጠር ተወልደው በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው ከእኅታቸው ጋር ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ሕዝቡ ከምንም አስቀድሞ የጠየቃቸው ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴም ወደ ገበያ የሚሻገሩበት ድልድይ ነበር። ድልድዩ ተሠራ። ስለ ግርዛትና ስለ ጠለፋ የሚደረገው የማኅበረሰብ ውይይት ሰሚ ጆሮ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎች፣ እናቶችና ወጣቶች በአንድ ሸንጎ ለወራት ተወያዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራ ሕዝብ በተሰበሰበበት በአደባባይ ተዳረች። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ባስጠናው ጥናት፣ ሴት ልጁን ለማስገረዝ የሚፈልገው የአካባቢው ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ከነበረበት 97 በመቶ በ2008 ከ5 በመቶ በታች ወርዷል። እርግጥ ነው፣ ሰው እፈልጋለሁ ወይም አልፈልግም የሚለውና በጓዳ የሚያደርገው ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ያም ሆኖ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የታየው ይህን ያህል የአመለካከት ለውጥ ከቅጣት ፍርሃት ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ዶክተር ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. አርፈዋል።

ካፋ ከኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ሲሆን፣ ቦንጋም የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ቀድሞ ሐዋሳ ድረስ ያስኬድ የነበረ ጉዳይ አሁን በቅርብ የሚታይ መሆኑ፣ ልጅ አዝላ፣ ቤት ዘግታ ለምትንቀሳቀስ ሴት ትርጉሙ ብዙ ነው። ቀሪው ጥያቄ በመዝገቡ ላይ የማን ስም አለ የሚለው ነው። በካፋ የቤተሰብ ኑሮ በእንሰት፣ በደን ቡና፣ በማርና በኮረሪማ ላይ የቆመ ነው። እንሰቱን የምትፍቀው፣ በቡና ለቀማም የምትደክመው ሴት ናት። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዟል። ከእርሻ ማሳው ውጭ ያለው የደን ቡና ግን ሌላ መልክ አለው። በቦንጋ አካባቢ ከ1990ዎቹ ወዲህ በተስፋፋው አሳታፊ የደን አስተዳደር የደኑ ጥቅም የሚገኘው በማኅበር አባልነት ነው፤ አባልነቱ በአባወራው ስም ብቻ ከተመዘገበ ሚስት በፍቺ ወይም በሞት ጊዜ የምታሳየው ወረቀት አይኖራትም። ስለዚህ የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ማስነበብና በራስ ስም መመዝገብ ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጋብቻም እንዲሁ ነው። በባህል ወይም በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት የጸና ነው፤ ነገር ግን በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ30 ቀናት ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ መመዝገብ ይኖርበታል። የልጅ ልደት የሚመዘገበው በ90 ቀናት ውስጥ ነው። ይህ የልደት ምዝገባ ብዙ ወላጆች እንደ ተራ ወረቀት የሚያዩት ቢሆንም፣ አንዲት ልጅ 18 ዓመት ሳይሞላት ልትዳር ስትል ለዐቃቤ ሕጉና ለዳኛው ዕድሜዋን የሚያስረዳው ቀዳሚው ሰነድ እርሱ ነው። ሰነዱ ከሌለ ጉዳዩ ወደ ሐኪም የዕድሜ ግምት ያመራል፤ ግምቱ እስኪመጣ ደግሞ ሠርጉ ሊያልፍ ይችላል። ጋብቻው ሳይመዘገብ ዓመታት ያለፉባት ሴትም ተስፋ የምትቆርጥበት ምክንያት የለም፤ ቤተ ዘመድና ጎረቤት እንደ ባልና ሚስት ያውቋቸው እንደነበር በምስክር አስረድታ ጋብቻው መኖሩን በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ትችላለች። ለዚህ ወደ ወረዳው የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀርባ ምክር መጠየቅ የምትችል ሲሆን፣ የምስክሮቿን ስምና ቀበሌ ጽፋ ይዛ ብትሄድ ከመመላለስ ትድናለች።