ስለ አበባ መትከያና ስለ ውሃ አጠጣጥ

በከተሞቻችን ሰፊ ግቢ የሌለው ሰው እንኳ በደጃፉ ወይም በሰገነቱ ላይ ጽጌረዳ፣ ጤና አዳምና በሶብላ በጣሳና በሸክላ ተክሎ ይታያል። ይህ ልማድ ቤትን የሚያስጌጥ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ብዙ ሰው ለተክሉ ያለውን ፍቅር የሚገልጸው ውሃ በማብዛት ነው፤ የበዛው ውሃ ደግሞ የሚጠቅመው ተክሉን ሳይሆን ተባዩን ነው።

ዘወትር ረጥቦ የሚውል አፈር ትናንሽ ጥቋቁር ዝንቦችን ይስባል። ዝንቦቹ በአፈሩ ገጽ ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ፤ የሚፈለፈለውም ትል የበሰበሰውን ነገርና ለስላሳውን ሥር ይመገባል። ባለቤቱም ቅጠሉ ሲጠወልግ ተክሉ የጠማው መስሎት እንደ ገና ውሃ ይጨምርበታል።

ከዚህ የከፋው ግን የሰውን ጤና የሚነካው ነው። ከመትከያው ሥር ባለው ሳህን የሚጠራቀመው ጥቂት ውሃ ለትንኝ መራቢያ ይበቃል። ኤደስ ኤጂፕቲ የተባለችው፣ በቀን የምትናከሰው ትንኝ የደንጌንና የቺኩንጉንያን ትኩሳት ታስተላልፋለች። ዕንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፤ ዕንቁላሉም ውሃው ቢደርቅ እንኳ ለወራት ሳይሞት ይቆያል። በሞቃት ስፍራ ከዕንቁላል ተነሥታ እስክትበር ድረስ ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ይበቃታል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2013 የደንጌ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በድሬዳዋ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ታሟል። በ2016 በቀብሪ ደሀር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝም በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃዎች ትራባለች፤ በ2022 በድሬዳዋ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላት ታውቋል። በእርግጥ በርሜልና አሮጌ ጎማ ከሳህን ይልቅ ብዙ ትንኝ ያፈራሉ፤ ሳህኑ ግን ከተክሉ ሥር ተሸሽጎ የሚረሳ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «መድኃኒት ይረጭልን» ይላሉ። ርጭቱ የምትበረውን ትንኝ ይገድላል እንጂ በሳህኑ ላይ የተለጠፈውን ዕንቁላል አያጠፋም። በሲንጋፖር በቤቱ የትንኝ ዕጭ የተገኘበት ሰው በገንዘብ ይቀጣል። እኔ በባሕር ማዶ የተማርሁ ብሆንም፣ ከዚያ የታየው ሁሉ እንዳለ ይቀዳ አልልም። ቅጣትን የሚፈራ ሰው ተቆጣጣሪ በሚመጣበት ቀን ብቻ ያጸዳል፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን በየሳምንቱ ያጸዳል።

ስለዚህ የሚከተሉትን ልማዶች መያዝ ያስፈልጋል፤

1ኛ፤ ከማጠጣት በፊት ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ በአፈሩ ውስጥ አግብቶ መመርመር፤ እርጥበት ካለ አለማጠጣት።

2ኛ፤ ጠዋት ጠዋት፣ በቅጠሉ ሳይሆን በአፈሩ ላይ፣ ውሃው ከታች እስኪወጣ ድረስ ማጠጣት።

3ኛ፤ የመትከያውን ሥር መብሳት።

4ኛ፤ በሳህኑ የተጠራቀመውን ውሃ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መድፋት፤ በሳምንት አንድ ቀንም ሳህኑን በብሩሽ ፈቅፍቆ ማጠብ። ይህን ማድረግ የማይመቸው ሳህኑን በአሸዋ ይሙላው።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፤ ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሕፃናትም ሊሠሩት ይችላሉ። በየሳምንቱ ዓርብ ተማሪዎች የትምህርት ቤቱን ሳህኖች ይጠቡ፤ ቅዳሜም በየቤታቸው ይድገሙት። የአንዱ ቤት ትንኝ የጎረቤትን ልጅ ትነክሳለችና ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚለው የአባቶቻችን ምክር ከዚህች ሳህን ይጀምር።