የጓሮ አበባ ጥቅሙ ምንድን ነው?

«አበባ አይበላም፤ ስለዚህ የጓሮ ቦታ ሊይዝ አይገባውም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይመስለኝም።

እስቲ በጣና ሐይቅ ዳር ያለውን የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ተመልከቱ። ከጥንት በቆየው የገዳማቱ ሥርዓት እርሻና ከብት እርባታ በመከልከሉ ጓሮውና ጫካው አንድ ሆነዋል፤ ዋንዛው ከላይ ጥላ ሲሰጥ፣ ቡናውና ጌሾው ከሥሩ ይበቅላሉ። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው በነጭ አበባ ተሸፍኖ መንደሩን በመዓዛ ይሞላዋል፤ በመስከረም አደይ አበባ ይፈካል፤ በበጋው መግቢያ የቡናው ፍሬ ሲቀላ ወፉና ጦጣው ይሻሙበታል።

እርግጥ ነው፣ ጦጣ ፍሬ ያጠፋልና ባለቤቱ ቢያባርረው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል የሚችል ተክል ቢሆንም፣ አበባውን ንብ ሲቀስመው ፍሬው ይበረክታል፤ ወፍም ቅጠል የሚበላውን ትል ትለቅማለች። እንግዲህ ዓይንን ደስ የሚያሰኘው ነገር ለኑሮም ይተርፋል ማለት ነው።

ዛፉ ለማገዶ ተቆርጦ በታንኳ ወደ ባሕር ዳር በተጫነ ቁጥር ግን ጥላው፣ አበባውና ወፉ አብረው ይጠፋሉ። የተገኘው ገንዘብ ወዲያው ያልቃል፤ ዋንዛን መልሶ ማሳደግ ግን ብዙ ዓመት ይጠይቃል።

ስለዚህ ከጓሮአችሁ አንድ ጥግ ለአበባ ተዉ፤ ወንጭፋችሁንም ከወፎች ላይ አንሡ። በየወሩ የሚፈካውንና የሚመጣውን መዝግቡ፤ ማስተዋል የሚለመደው ከደጃፍ ነውና።