አላስካ ባዶ አገር አይደለም

ካርል ማክካን የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ በማርች 1981 እ.ኤ.አ. በሰሜን አላስካ፣ ስም እንኳ ያልወጣለት ሐይቅ ዳር በአነስተኛ አውሮፕላን ወረደ። 500 ጥቅል ፊልም፣ ከ600 ኪሎ በላይ ስንቅ፣ ጠመንጃና ጥይት ይዟል። ያሰበው በጋውን አራዊት ሲያነሳ ከርሞ ኦገስት ላይ ለመመለስ ነበር። ማን መጥቶ እንደሚወስደው ግን ከማንም ፓይለት ጋር ቁርጥ ያለ ቀጠሮ አልያዘም። ኦገስት መጣ፤ የሚወስደው ግን አልመጣም። ስንቁም እየተመናመነ ሄደ።

አንድ ቀን የክፍለ ግዛቱ ፖሊስ አውሮፕላን በላዩ ዞረች። ማክካን ደስታው ገንፍሎ አንድ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳ። አውሮፕላኗ አንዣብባ ሄደች፤ አልተመለሰችም። በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ የአደን ፈቃድ ወረቀቱን ገልበጥ ቢያደርግ፣ ጀርባው ላይ ከአየር ለሚያይ ሰው የሚሰጡ ምልክቶች ታትመው አገኘ። አንድ እጅ ማንሳት «ደህና ነኝ፣ አትጠብቁኝ» ማለት ነው። እርዳታ የሚጠየቀው ሁለቱንም እጅ በማንሳት ነበር። አስከሬኑ ከማስታወሻ ደብተሩ ጋር የተገኘው በፌብሩዋሪ 1982 ነው።

ይህን የማነሳው ሟችን ለመውቀስ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከ40 ዓመት በላይ አልፎ እንኳ ወደ ሰሜኑ ዱር የሚደረግ ጉዞ የሚታቀደው በዚያው በተሳሳተ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ነው። የጉዞ መጽሔቱም፣ የቪዲዮ ሰሪውም፣ ድንኳን ሻጩም የሚነግረን አንድ ነገር ነው፤ እዚያ ማንም የለም፣ ምድሩ ሰው ያልነካው ነው፣ ሂድና ከራስህ ጋር ተገናኝ። እኔ ይህ ወሬ ሐሰት ነው እላለሁ፤ ያውም ሰው የሚያስፈጅ ሐሰት። አገሩ ባዶ ነው ብሎ ያመነ ሰው የሚጠይቀው ባለአገር አይፈልግም፣ ቀኑን የሚነግረው ሰው አያስፈልገኝም ይላል፣ የሚያልፍበት መሬት የማን እንደሆነም አያጣራም። ዕቅዱ ከዕቃ ዝርዝር አይዘልም።

ብዙ ሰው የሚመኘውን አንድ ቦታ ልውሰድ። ጌትስ ኦፍ ዘ አርክቲክ የሚባለው ብሔራዊ ፓርክ በብሩክስ ተራሮች ላይ የተዘረጋ ሲሆን ስፋቱ ወደ 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከቤልጂየም ይበልጣል። ውስጡ የመኪና መንገድ የለም፤ የተሠራ የእግር መንገድ እንኳ የለም። ቦታውን ለዓለም ያስተዋወቀው ሮበርት ማርሻል መጀመሪያ የሄደው በ1929 ነው። የሳበውም በካርታው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ቦታ ነበር። ዛሬ «ያልተነካ ዱር» የሚለውን ስብከት የሚያሰራጩ ሁሉ የሚጠቅሱት እሱን ነው።

ግን ማርሻል ራሱ እንዴት ተጓዘ? ወጣ ገባውን ከሚያውቁ የአካባቢው ወርቅ ፈላጊዎች ጋር ነው የሄደው። ከ1930 እስከ 1931 ዋይዝማን በምትባል ትንሽ የማዕድን ቆፋሪዎች መንደር ከሰዉ ጋር ኖረ። በ1933 ያሳተመው መጽሐፍም የሚተርከው ስለዚያች መንደር ሰዎች ኑሮ ነው፤ ከሽያጩ ያገኘውንም ለእነሱ አካፍሏል። ተከታዮቹ ከታሪኩ ተራራውን ወስደው ሰዉን ጣሉት።

ካርታው ላይ ነጭ ሆኖ የታየውም ቦታ ቢሆን ባለቤት ነበረው። ኑናሚዩት የሚባሉት የኢኑፒያት ወገኖች በእነዚያ ተራሮች ውስጥ ካሪቡ የሚባለውን የሰሜን አጋዘን እየተከተሉ ትውልድ በትውልድ ላይ ኖረዋል። በ1920 አካባቢ አጋዘኑ ሲመነምንና ከውጭ የገባ በሽታ ሲጎዳቸው አብዛኞቹ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረዱ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ተመለሱ፤ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ አናክቱቩክ ፓስ በሚባለው የተራራ በር ላይ ሰፈሩ። ማርሻል በዚያ ያለፈው እንግዲህ ቤተሰቡ በችግር ምክንያት ለጥቂት ዓመታት ዘግቶት በሄደ ቤት ውስጥ ነው። በረሃብና በበሽታ የተለቀቀን አገር ከጥንት ጀምሮ ሰው አያውቀውም ማለት በደል ነው። መንደሯ ዛሬ ፓርኩ መሐል ትገኛለች፤ ትምህርት ቤት፣ ሙዚየምና የአውሮፕላን ማረፊያ አላት። በዙሪያዋ ያለው ሰፊ መሬትም የተወላጆቹ ኩባንያዎች የግል ይዞታ ነው። ሳይጠይቁ ድንኳን የሚተክሉበት ሜዳ አይደለም።

ስለ አውቶቡስ ቁጥር 142 የማያውቅ የሰሜን ናፋቂ ያለ አይመስለኝም። ክሪስ ማክካንድለስ የሚባለው ወጣት በአፕሪል 1992 እዚያው አላስካ ውስጥ ስታምፒድ በሚባለው አሮጌ መንገድ ዘልቆ ገባ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ፣ መንገዱ ዳር ተጥሎ በቀረው በዚህ አውቶቡስ ውስጥ ሞተ። ታሪኩ በ1996 መጽሐፍ፣ በ2007 ፊልም ሆነ፤ ከዚያም የተሳላሚው ጎርፍ ተጀመረ። ከ2009 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ብቻ ከአውቶቡሱ ጋር በተያያዘ 15 የፍለጋና የነፍስ አድን ሥራዎች ተካሂደዋል። በ2010 እና በ2019 ሁለት ወጣት ሴቶች ቴክላኒካ የሚባለውን ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው ወስዷቸዋል። በጁን 2020 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ቢቸግረው አውቶቡሱን በወታደራዊ ሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ አወጣው።

የብቸኝነት ታቦት የተደረገው ይህ አውቶቡስ ከመነሻው የፌርባንክስ ከተማ የሕዝብ ማመላለሻ ነበር። በ1961 መንገድ ሠሪዎች እንዲያድሩበት ተጎትቶ ሄደ፤ እነሱ ሲወጡ የአዳኞች መጠለያ ሆነ። የማክካንድለስን አስከሬን ያገኙትም እዚያው ለማደር የመጡ አዳኞች ናቸው። ልጁ ጁላይ ላይ ለመውጣት ሲሞክር ቴክላኒካ በበረዶ ቅላጭ ሞልቶ ጠበቀው፤ ተመልሶ ሄደ። ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ግን በገመድ የተንጠለጠለ፣ በእጅ እየተሳበ የሚሻገር ቅርጫት ነበር። ዝርዝር ካርታ ያለው ወይም የአካባቢውን ሰው የጠየቀ መንገደኛ ሁሉ ሊያውቀው ይችል ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላል የእኛ ሰው። ከበረዶ የሚነሳ ወንዝ ማለዳ ጎድሎ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረዶውን ስታቀልጠው ሞልቶ ይጠብቃል። ይህን ለማወቅ መንገደኛው ወንዝ ዳር መድረስ አያስፈልገውም ነበር፤ አንድ ጥያቄ በበቃው።

እዚህ ሲያትል አላስካ ደጃችን ነውና ከእኛ ልጆች መካከል ይህ ምኞት የያዛቸው እየበዙ ነው። ቢሳካላቸው ደስ ይለኛል። አንዱ በቅርቡ ዕቅዱን በኮምፒዩተር አሳየኝ። ምድጃው፣ ድንኳኑ፣ ማንኪያው ሳይቀር ክብደቱ በግራም ተጽፏል። በቀን 20 ኪሎ ሜትር፣ በዘጠነኛው ቀን መውጫ፣ በአሥረኛው ቀን ወደ ቤት በረራ፣ በማግሥቱ ሥራ። «የሚያወጣህ ፓይለት ማን ነው? ደመና ቢይዘውስ?» አልኩት። የሳተላይት መሣሪያውን ብድግ አድርጎ ቀዩን ቁልፍ አሳየኝ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ያነበበውን ሁሉ በትጋት ፈጽሟል። ጥፋቱ ያነበበው ነገር ነው። ቁልፉን ሲጫን መልእክቱ ወደ አስተባባሪ ማዕከል ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ወይም ወደ ፓርኩ ጠባቂዎች ይተላለፋል፤ ከዚያ የሚበር ሰው ይፈለጋል። አናክቱቩክ ፓስ ከፌርባንክስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፓይለቱ እንዳይመጣ የከለከለው ጭጋግ ሄሊኮፕተሩንም ይከለክላል። ሲበርም ልጆች ያሏቸው ሰዎች ናቸው የሚበሩት። በእነሱ ሕይወት ላይ የሚጣል ዕዳ በዕቃ ዝርዝር ውስጥ ከማንኪያው ጎን መጻፉ ያሳዝነኛል። መሣሪያውን ይያዝ፣ ግድ ነው። ዕቅድ ብሎ መጥራቱ ግን ይቅር።

ስለ 20 ኪሎ ሜትሩም ልናገር። በዋሽንግተን ተራሮች የተጠረገ መንገድ ላይ መሄድ የለመደ እግር በብሩክስ ተራሮች ላይ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ከገፋ ጥሩ ሄዷል። መሬቱ ከታች ዓመቱን ሙሉ በረዶ ስለሆነ ውሃው አይሰርግም፤ ላዩ ረግረግ ነው። ከረግረጉ የሚወጣው ሣር ጉብጉብ እያለ የሰው ጭንቅላት የሚያክል ጉቶ ይሠራል። ላዩ ቢቆሙ ይነቃነቃል፣ መሐሉ ቢረግጡ ቁርጭምጭሚት ይሰጥማል። ወንዝ ዳር ያለው የአኻያ ቁጥቋጦ ደግሞ የጀርባ ሻንጣን እየያዘ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ትንኙ ከላይ ነው። በዚህ ላይ ዝናብ ወንዙን ከሞላው እስኪጎድል አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቁጭ ማለት አለ። የመውጫ አውሮፕላን በቀጠሮው ሰዓት መምጣቱ ዕድል ነው። እንግዲህ ለመጠበቂያ የሚሆን ትርፍ ቀንና ትርፍ ስንቅ ያልያዘ ዕቅድ፣ ክብደቱ የቱንም ያህል ቢቀል፣ ጎዶሎ ነው። የከተማ ሥራ የዕረፍት ፈቃድ ለዚህ አገር የሚመች አይደለም፤ ቀን ማግኘት ያልቻለ ሰው ለዘንድሮ ሌላ ቦታ ቢመርጥ እመክራለሁ።

የሚገርመኝ ደግሞ እኛ ይህን ነገር ከአገራችን የምናውቀው መሆኑ ነው። ራስ ደጀን ለመውጣት ሰሜን ተራሮች የሚሄድ መንገደኛ ደባርቅ ላይ ስካውት ሳይዝ አይንቀሳቀስም፤ በቅሎ ጫኚ ይቀጥራል፣ ውሃው የት እንዳለ ከሰው ይሰማል። የአገሩን ልጅ ይዞ መሄድ ለማንም አያሳፍርም። «ሰው የሌለበት ዱር» የሚለው ሐሳብ ምን እንደሚያደርግም በዚያው አይተናል፤ በ2016 የግጭ ሰዎች ትውልድ ካረፈበት መንደራቸው ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ፤ በዓመቱም ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ። የአላስካው ሕግ በዚህ በኩል ይሻላል። በ1980 ጌትስ ኦፍ ዘ አርክቲክን ያቋቋመው አዋጅ የኑናሚዩትን ከመሬቱ እያደኑ የመኖር መብት አስከብሯል። ሕጉ ያወቃቸውን ሰዎች እንግዳው አላያቸውም።

«እኔ የምፈልገው ብቸኝነቱን ነው፤ ባለአገር ከገባበት ምኑን ዱር ሆነ?» የሚሉኝ አሉ። ምኞቱን አከብራለሁ። ለአሥር ቀን የሰው ድምፅ ሳይሰሙ መዋል ትልቅ ጸጋ ነው፤ ያ ምድርም ይህን ከማንም በላይ ይሰጣል። ጠይቆ የሄደ ሰው ይህን አያጣም። የሚያጣው አገሩን እኔ አገኘሁት የሚለውን ስሜት ብቻ ነው፣ እሱም ቢቀር አይቆጨኝም። ሳይጠይቁ የመሄድ ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው በሌላ ሰው ነው። የምዕራብ አርክቲክ የካሪቡ መንጋ በ2003 490,000 ነበር፤ በ2023 ሲቆጠር 152,000 ሆኗል። በአካባቢው ያሉት መንደሮች ሥጋቸውን የሚያገኙት ከዚህ መንጋ ነው፤ ከመደብር የሚገዛው ሁሉ በአውሮፕላን የሚገባ ነውና ዋጋው አይቀመስም። ሽማግሌዎቻቸው ከመንጋው ፊት የሚመጡትን አትንኩ፣ ይለፉ፣ የኋላው ይከተላል ብለው ያስተምራሉ። ያንን የማያውቅ እንግዳ በተራራው በር መሐል ቀይ ድንኳን ቢተክል የመሪዎቹን መንገድ ሊያስቀይር ይችላል። ይህን የሚነግር የዕቃ ዝርዝር እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ዘንድሮ ልሄድ ነው የሚለኝ ሁሉ ድንኳን ከመግዛቱ በፊት ስልክ ያንሳ። ከፌርባንክስ ወደ ሰሜን በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኮልድፉት፣ ወይም ቤትልስ፣ ወይም አናክቱቩክ ፓስ ያሉትን የፓርኩን ሠራተኞች ያግኝ። ያለ ክፍያ ገለጻ ይሰጣሉ፤ ድብ የማይከፍተውን የምግብ ዕቃም በነፃ ያውሳሉ። የትኛው ወንዝ እንደሞላ፣ ካሪቡ በየት በኩል እንደሚጠበቅ፣ የትኛው መሬት የመንደሩ እንደሆነ ይጠይቅ። የመውጫውን ቀን ከፓይለቱ ጋር በጽሑፍ ይያዝ፤ ያንኑ ወረቀት ለእናቱ ወይም ለወንድሙ ይስጥ፤ በስንተኛው ቀን ለማን እንደሚደወልም ይጻፍበት። የመንደሩ ሰው «በዚህ ሳምንት በዚያ በር አትሂድ» ካለው ደግሞ በሌላ በኩል ይሂድ፤ ሌላ በኩል ከሌለ ቀኑን ይቀይር።