የባቡር ወዳጅ

ቀድሞ በባቡር ከድሬ ዳዋ ወደ አዲስ አበባ የተጓዘ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ኤረር ታልፎ ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ፣ ከአጠገብ የተቀመጠው ስሙ እንኳ ያልተጠየቀ መንገደኛ ለእናቱ ልጅ ያልነገረውን የቤቱን ጉድ ሲዘረግፍ ያድር ነበር። ያን ያህል የሚያስደፍረውም ሌላ ነገር ሳይሆን፣ አድማጩ ሚኤሶ ወይም አዋሽ ላይ ጓዙን አንሥቶ ሲወርድ ምሥጢሩም አብሮት እንደሚወርድ ማወቁ ነው።

ያ የባቡር ወዳጅ ዛሬ ቴሌግራም ውስጥ ገብቷል። ትዳሩ የታወከበት፣ እጮኛው የከዳችው፣ ፍቅሯን ለማን እንደምትነግር የጨነቃት ሁሉ «ስሜ ይቆየኝ» ብሎ የልቡን ጽፎ ለቻናሉ አድሚን ይልካል፤ አድሚኑም ስሙን ሸሽጎ ይለጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ በርጫ ላይ የተቀመጠውም፣ ሥራ ፈትቶ የዋለውም ይፈርዳል።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሻይ የምትቀዳልኝ ልጅ ስልኳን ዘርግታ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እይና ፍረድ» አለችኝ። (በእኛ ከተማ አንቱታ ብዙም አይዘወተርምና አንባቢ አይቀየማት።) ጠያቂዋ ዕድሜዋ 26 ነው፤ እጮኛዋ የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ በደወሌ በኩል ጅቡቲ በተመላለሰ ቁጥር ስልኩ 3 ቀን ይጠፋል፤ ሌላ ሴት ይዞ ይሆን ወይ ነው ጥያቄዋ። ከሥሩ መልሱ ተደርድሯል፦ «ተይው እኅቴ»፣ «ወንድ አይታመንም»፣ «ጸልዪ»፣ «ስልኩን በርብሪ»። ከዚያ ሁሉ መካሪ መካከል አንዱ ብቻ፣ የመንገዱን ነገር የሚያውቅ ሳይሆን አይቀርም፣ «ድንበር ካለፈ የእኛ ሲም አይሠራለት ይሆናል፤ የጅቡቲ ሲም አለህ ወይ ብለሽ መጀመሪያ እሱን ጠይቂው» ብሏል። ይህን ጮክ ብዬ ሳነብላት የልጅቱ ፊት እንዴት እንደ በራ አየሁ። ጠያቂዋ ማን እንደ ሆነች ግን አልጠየቅኋትም፤ ሻዬን ጠጣሁ።

ይህን ልማድ በጅምላ ከሚያወግዙት ሽማግሎች ጋር አልተባበርም። የንስሐ አባት እያለ፣ ሽማግሌ እያለ፣ ሼኹ እያሉ ስለ ምን ለማያውቁት ሰው ይነገራል ይላሉ። አበ ነፍስ የሰማውን ምሥጢር እንደማያወጣ ማንም ምእመን ያውቃል፤ ይሁን እንጂ እናትና አባት ቤት እየገባ ጠበል ጠዲቅ የሚቀምሰውን ካህን ፊት ለፊት አይቶ ስለ እጮኛ መናገር ለአንዲት ልጅ ምን ያህል እንደሚከብዳት ያልገመተ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። የሽማግሌውም ነገር ከዚህ አይርቅም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺ ጉዳይ የሚታየው በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበር፤ ስለዚህም ሚስት በባልዋ ላይ የምታሰማው ስሞታ የባልዋን አጎት ጆሮ ሳይነካ አያልፍም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ተጠሪነታችን ለፌዴራል መንግሥት ነውና በድሬ ዳዋም የሚሠራው፣ ፍቺን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ለሽማግሌ ማስታረቁን ትቶለታል። ሕግ አውጪው ራሱ ዳኝነቱን ከዘመድ እጅ ካወጣ፣ ልጆቻችን ከዘመድ ውጭ መካሪ ቢፈልጉ ምን ይደንቃል?

ደግሞም ደብዳቤ ጽፎ ምክር መለመን ትናንት የመጣ አይደለም። የቁልቢው ተወላጅ ጳውሎስ ኞኞ በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በተባለው ዓምዱ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚጎርፍለትን ጥያቄ ሲመልስ፣ ጠያቂው ቢያፍር መላሹ ግን አገር የሚያውቀው ሰው ነበር፤ መልሱ የከነከነው አንባቢ ማንን እንደሚወቅስ ያውቃል።

እኔን የሚያሳስበኝ ታዲያ የጠያቂው መሸፈን ሳይሆን የመካሪው መሸፈን ነው። የጥንቱ ሽማግሌ፣ አድልዎው እንዳለ ሆኖ፣ ግራ ቀኙን ሳይሰማ አይፈርድም፤ «ተይው» ብሎ ቢፈርድም ነገ ሴትዮዋ ልጆቿን አስከትላ ከደጃፉ ስትቆም «ግቢ» የሚላት እሱው ነበር። የባቡሩ ወዳጅ እንኳ የተናጋሪውን እንባ አይቶ፣ ሌሊቱን ሙሉ አዳምጦ ነው የሚመክረው። በስልክ «ተይው» የሚለው ግን አሥር መስመር አንብቦ፣ ያንኑም አንዱ ወገን ብቻ የጻፈውን፣ ጫቱን እየቀነጠሰ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል።

ስለዚህ ለቻናሎቹ አድሚኖች አንድ ልመና አለኝ፤ የጠያቂዋን ስም እንደ ወትሮው ሸሽጉላት፤ መካሪውን ግን ስሙን እንኳ ባይሰጥ ዕድሜውንና ሥራውን፣ አግብቶም እንደ ሆነ፣ ከምክሩ በላይ አጽፉት።